የመንገዱ ስሞች

ከተማችን ትንሽ፣ ቬርዥና ይሏታል፤
ፈጣኑ ባቡርም አፏጭቶ ያልፋታል።
አንድ አደባባይ አላት፣ ሁለት መድኃኒት ቤት፣
አንድ የቆመ ሰዓት ከማዘጋጃው አናት፤
ዚግሙንት ሲሞላው ይሄድ ነበር ድሮ፣
እሱ ሲሞት ቀረ ዐሥር ከሩብ ላይ ታስሮ።

ስኳር ፋብሪካችን በሩ ከተዘጋ
ጭስ ማውጫው አናት ላይ
ሽመላ ትፈለፍላለች በጋ በጋ።
እሷስ በመጋቢት ትመለሳለች።
ልጆቻችን ግን፣
ኖርዌይ ዓሣ የሚያጥቡት፣ ደብሊን ቱቦ የሚቀብሩት፣
የሚመጡት ለሙታን ቀን ነው፤
ሻማ በብርጭቆ ይዘው፣ አንዲት ሌሊት አድረው።

እኔ ቦጉሚላ፣ ፖስታ አመላላሿ፣
ብስክሌቴ አርጅታ ተንቋቋ ጎማዋ፤
የማደርሰው ሁሉ የመብራት ሒሳብ ነው፣
የጡረታ ገንዘብ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው።
ፍቅር የሚጽፍ የለም።

ወደ ወንዙ የሚወርድ አንድ መንገድ አለ፣
ስሙን እንደ ሸሚዝ ለብሶ እየጣለ፤
ዛሩ ሲገዛን ጊዜ የጄኔራል ስም ሰጡት፣
ጀርመኖቹ መጡና በጀርመንኛ ጻፉት፤
ቀጥሎ ቀይ ሰንደቅ፣ የሠራተኛ ጀግና፤
ጀግናውም ወረደ፣ ቅዱስ ተሰቀለና።
ፖስታ ቤቱ ምድር ቤት ታፔላው ሁሉ አለ፤
ዝገቱ ብቻ ነው ስም ያልቀያየረ።

ባለፈው ሐምሌ ደብዳቤ መጣ፣
ከሞንቴቪዴዮ፣ ቀለሙ የነጣ፤
«አዝራር ሠሪዎች መንገድ፣ ቤት ቁጥር ሰባት» ይላል።
ያን ስም የሚያውቅ ሰው ከቶ ማን ተርፏል?
እናቴ ታውቀው ነበር፤ ስትጠራው ግን
ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣
የተኛ ሰው ያለ ይመስል ከጎረቤት።

የከተማው ግማሽ አይሁድ ነበሩ አሉ፤
አዝራር ከቀንድ ጠርበው የሚያበሳሱ፣
በገበያ ቀን ጮኸው የሚከራከሩ፣ የሚስቁ።
በጦርነቱ ዘመን፣ አንድ የነሐሴ ማለዳ፣
ባቡሩ ያን ቀን ብቻ
ሳያፏጭ ቆመ።
ምኩራባቸው የእህል መጋዘን ሆነ፤
ከዚያ ሲኒማ።
አሁን ሶፋ ይሸጥበታል፣ በቅናሽ።

ቤቱን በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ አገኘሁት፤
የበሩን መቃን ይዤ ላይ ታች ዳሰስኩት፣
ከስድስት ቀለም ሥር፣ ጣት የምታህል፣
ሰያፍ ጎድጓዳ አለች፣ እንደ ጠባሳ ክትል።
ዝጂስዋፍ ከፈተ። ዓይኑ ሞራ ለብሷል።
በአራት ዓመቱ ነው ከምሥራቅ የመጣው፣
በከብት ፉርጎ፣ ከእናቱ ቀሚስ ሥር፤
እነሱም የለቀቁት ቤት ነበራቸው፣
ሌላ ሰው የገባበት።
«አንብቢልኝ» አለ።

«ቤቱን አልፈልግም።
እናቴ ፈይጋ ስትሞት ስለ ፖም አወራች፤
የጓሮው ፖም አለ ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው።»

በሩን ዘጋብኝ።
ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም፤ ሲያየኝ ይሸሻል፣
ጡረታውን ተቀብሎ ፊቱን ያዞራል።

በጥቅምት፣ ብርድ ሲገባ፣ ፖስታ ቤት መጣ፤
የደረቀ ፖም፣ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ፣
በአሮጌ ትራስ ልብስ ሰፍቶ።
«አልተከልኩትም» አለ። «በላሁት እንጂ።
ሰማንያ ዓመት በላሁት።»
«ላኪ ማን ልበል?»
«ስሜን ተዪው። መንገዱን ጻፊ።»
«የትኛውን ስም?»
መልስ አልሰጠኝም፤
በባርኔጣው ጠርዝ አሮጌውን ደብዳቤ ነካ።

«እንዲህ ያለ መንገድ የለም» አለኝ ኮምፒውተሩ።
ደግሜ መታሁት። የለም አለ።
በእጄ ጻፍኩት፣ በትልልቅ ፊደል።
ሚዛኑ ላይ አራት መቶ ግራም፤
ቴምብሩን ልሼ ለጠፍኩት፤
ምላሴን ፖም ፖም አለው፣
ወይም ሙጫ።