ያለምዘውድ ካንዴላ ስታነብ

አባይ ድልድይ መሐል መኪናዬ ሳለች፤
ደግማ ሳለችና ጭራሹን ቆመች።
ጉማሬ ለማየት ያሰፈሰፉት ሁሉ
ወደ እኔ ዞሩ፣ «ግፉለት!» እያሉ።
አባይ ማዶ ድረስ፣ ላብ በላብ ሆነው
ያለምዘውድ ጋራዥ፣ ዋርካው ሥር ካለው።

«ይቀዝቅዝ» አለችኝ ኮፈኑን ከፍታ፤
«በትኩስ ሞተር ላይ ካንዴላ የፈታ
ጥርሱን አብሮ ነቅሎ ያለቅሳል ማታ።»

ተቀመጥን። ከሐይቁ የመጣው ነፋስ
የደንገል ሽታ ይዞ ከዘይቱ ሲደርስ
ምሳ ሰዓት ሆነ።

ከቀዳዳው ዙሪያ አቧራውን ነፋች፤
«አንዲት ፍሬ አሸዋ ወደ ውስጥ ብትገባ
ሲሊንደር ስትቧጥጥ ትኖራለች» አለች።

አራቱን አወጣች፤ በአሮጌ ጋዜጣ
ደረደረቻቸው፣ እንደየአወጣጣቸው።
አንደኛው ቡናማ፣ የደረቀ ጭቃ፤
«ይኼ ደኅና ያድራል።» ወደ ቀጣዩ አለፈች።
ሁለተኛው ጥቁር፣ ጥላሸት የጠጣ፤
«ቤንዚን በዝቶበታል፣ አየር አጥሮት ነው፤
ማጣሪያህን መቼ ነው ያራገፍከው?»
ዝም አልኩ።

ሦስተኛውን አንሥታ አሸተተችው፤
እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቅቤ እንደነካው።
«ዘይት ትበላለች። ነግረኸኝ ነበር?»
አልነገርኳት። አማቼ መኪናዋን ሲሸጥልኝ
«ጠብታ አትቀምስም» ብሎ ምሎልኝ ነበር፣
ያውም በጊዮርጊስ።

አራተኛው ነጭ፣ አፉ የነደደ።
እሱን ግን ዝም ብላ ፀሐይ ላይ አየችው።
«ስሙን ብቻ ነው የለበሰው፤
ሆዱ ሌላ ነው። ከየት አመጣኸው?»
ከገበያ፣ በግማሽ ዋጋ። ይኼንንም ዋጥኩት።

«ካርቶኑ አይሙቅህ፤ ቁጥሩን አንብብ።
ለዚች ሞተር ብሎ ፋብሪካው የጻፈው
አንድ ቁጥር አለ፤ ከሱ ወዲያ የለም።
የጎረቤት ጫማ ለእግርህ አይሆንም።»

አዲሶቹን ከሱቅ ልጁ ይዞ መጣ።
ስፔሲሜትሯን ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና
ክፍተቱን ለካችው፤ ስስ ብረቱን አልፋ፦
«ከተቀራረቡ ብልጭታው ይደክማል፤
ከተራራቁ ደግሞ መዝለሉን ይፈራል።»
እኔም ቅኔ መስሎኝ፣ ቤቴ ትዝ ብሎኝ
«እንደ ትዳር በያ!» አልኩኝ።
ቀና ብላ አየችኝ።
«ይኼ ካንዴላ ነው፤ ያዝልኝ ጨርቁን።»

በጣቷ ጀመረች፣ ቁልፍ ሳታስነካ፤
ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ፣ ማረፉ ሲታወቅ
ግማሽ ዙር አጠበቀች። በቃ። ከዚያ በላይ
የሚጎትት ጉልበት ለሰንጋ ነው አለች።

አስነሣኋት። አልሳለችም።
«ፋሻዋ አልቋል ግን፤ እስከ ጥቅምት ትሄዳለች፤
ከዚያ ወዲያ ምን ትሆን፣ አማችህን ጠይቅ።»

ልወጣ ስል መጣ አሣ አጥማጁ እንየው፣
አንድ ቀረሶ በገመድ አንጠልጥሎ፤
አሮጌዎቹን አራቱን ለቀመ።
ለመረብ ክብደት ከድንጋይ ይሻላሉ።

አሁን ከጣና ሥር፣ ጭቃው ላይ ናቸው፤
ደኅናውም፣ ጥቁሩም፣ ስም የለበሰውም፣
ሦስተኛውም አለ፣
ከአማቼ መሐላ ጋር።