የዛፉ ሁለተኛ ሥራ

በእንግሊዝ ሰሜን ዳርቻ በር የሚያንኳኳው ነፋስ ነው፤
ሰው መስሎት የሚከፍት አዲስ ገቢ ብቻ ነው።
ገና ካለፈ ወዲህ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ፤
በየጎረቤቱ መስኮት መብራቱ መነመነ።
የሲሪል ጥድ ብቻ፣ ከሳሎኑ ጥግ ላይ፣
ቆሟል ቅጠል ሲያረግፍ፣ ግብዣው ማለቁን ሳያይ።
ምንጣፉ አረንጓዴ፣ እንደ መርፌ የሚወጋ፤
እሱ ግን አይጠርገውም፣ ሲመሽም ሲነጋ።

ዊኒፍሬድ ነበረች ኮከቡን የሰቀለች፣
ገና በኅዳር አጋማሽ «ቀደም እንበል» ያለች።
«ምን አስቸኮለሽ?» ቢላት ፈገግ ብላ ዝም አለች፤
ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ በዚያው ዝምታ ቀረች።

መሳቢያዋ ውስጥ አለ የስጦታ ወረቀት፣
ሠላሳ ዓመት የዞረ፣ ከእጅ እጅ፣ ከቤት ቤት፣
በለብታ ካውያ ተኩሳ የምታጥፈው በስልት።
ለዶሪን፣ ለኤድጋር፣ ለሞድ፣ ለሲሪል፤
ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ስም ተጽፏል በስም ላይ፤
ከፊሉ እዚሁ ሰፈር፣ ከፊሉ ላይ ሰማይ።

ሰው ይስቅባት ነበር፣ «ቋጣሪ ናት» ብሎ፣
በከረጢት ሙሉ ብልጭልጩን ከደጅ ጥሎ።
«ገንዘብ አይደለማ እኔ የምቆጥበው» አለች፣
ሞገድ የተፋውን ሪባን በባልዲ እያጠበች።

ሲሪል ግን ቀዳጅ ነው፤ ልጅነት አለቀቀውም፤
ስጦታ ከያዘ ጥፍሩ አይታገሠውም።
ጭርር! ያደርገዋል፤ እሷም ትስቅና
ታነሣለች ቁራጩን፣ ልትተኩሰው እንደገና።

ቅዳሜ ጧት በር ተንኳኳ። ነፋስ ነው ብሎ ዝም አለ።
ነፋሱ ስሙን ጠራው።
የጎረቤት ልጅ ናት፣ ባለጋሪዋ ታምሲን፦
«ዛፍ ካለዎት ይስጡን፤ አሸዋው ሸሸብን።
ባሕሩ በልቶታል ያምናውን ጉብታ፤
የገና ዛፍ ቀብረን ካልያዝነው በተርታ
እዚህ ሳሎን ድረስ ይመጣል አንድ ማታ።»

«ቆይ» ብሎ ጎንበስ አለ፣ ግንዱን ከባልዲው ሊነቅል፤
ከባልዲው ጀርባ፣ ከረገፈው ቅጠል ሥር፣ እጁ ነካ አንድ ጥቅል።
ያው ወረቀት። ያው እርሳስ። ያው የተንጋደደ ፊደል፦
«ለሲሪል። እባክህ ቀስ በል።»

ቀስ አለ።
ጥፍሩን ሰበሰበ። ክሩን በጣቱ ፈታ።
ልጅቷ ብርድ ላይ ቆማ፣ እሱ እጥፍ በእጥፍ ሲረታ፣
አንዲት ጭረት ሳትወጣው ወረቀቱ ተዘረጋ።
ጓንት ነው። ከአሮጌ ሹራቧ ተተርትሮ የተሠራ፤
ክርኗ ላይ ያለቀውን ያን ሰማያዊ ያውቀዋል።
አጠለቀው። አንዱ አውራ ጣት ትንሽ ይሰፋዋል።

ከአሸዋው ጉብታ ላይ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፤
አዋቂው ይቆፍራል፣ ልጁ ዛፍ ይጎትታል።
ሳቅ አለ፣ ፔርሙዝ አለ፣ የሚያነጥስ ቄስ አለ፤
እያንዳንዱ ዛፍ የየቤቱን ሚስጥር እንዳዘለ።
ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ የብር ክር ተረስቶ ቀርቶ
ሲሪል ኪሱ ከተተው፣ በጓንቱ ጣት ፈትቶ።
የራሱን ጥድ አቆመው ወደ ባሕሩ አዙሮ፤
«አንዱ ሥራህ አለቀ፤ በል ቁም» አለው፣ አሸዋ ጨምሮ።

በግንቦት ሄዶ አየው። ጥዱ እስከ ወገቡ ተውጧል፤
ነፋስ ያመጣው አሸዋ እቅፉ ውስጥ ተቀምጧል፤
ከላዩም አንድ ዘለላ ሣር፣ ቀጭን፣ ግትር፣ በቅሏል።
ኮረብታ አይባልም። ጉልበት ቢያክል ነው።
ታምሲን በዱላ ለክታ «አለቀ? ዳነ?» ስትለው፣
«ገና ነው» አላት።

በኅዳር ካውያ ጣደ፤ ለዚህ ሥራ እንግዳ ነው፤
የወረቀቱን አንድ ጥግ አሳረረው።
ቢሆንም አጠፈው። ከ«ቀስ በል» ሥር፣ እርሳሱን በምራቁ አርሶ፣
«ለታምሲን» ብሎ ጻፈ፤
መጀመሪያ ፊደል ገድፎ፣ ኋላም ተመልሶ።