ሰማያዊው አምባር

ገላን ላይ መንገዱ ታነቀ።
ከፊት ሲኖትራክ፣ ከኋላ ሲኖትራክ፣ መሀል ላይ እኛ፤
ሾፌራችን ሙዘይን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ።
ከመቀመጫው ሥር ማንጎው ይሸታል፤ አንዱ ሳይፈነዳ አልቀረም።
እቴነሽ ከሻሸመኔ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።
እጇ መስኮቱ ላይ ነው፤ አምባሩም አብሮ፣
ያ ሰማያዊ ላስቲክ፣ አርባ ምንጭ የገባን ለት እንግዳ ተቀባይዋ ያሰረችላት፣
«ይኼ ካለ ሁሉ በነፃ ነው» ብላ፣ በሁለት እጇ ይዛላት።

ዛሬ ጠዋት ነው እኮ። ዛሬ። ከቁርስ በፊት ገና፣
ዝንጀሮው የጎረቤት ጠረጴዛ ስኳር ነጥቆ ሲሮጥ፣
መዋኛው ዳር ቁጭ አለች፣ ሁለት እግሯን ነክራና
«ስንት ጀሪካን ይሆናል?» አለችኝ።

እኔ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ፤ ሲጠይቁኝ አሰላለሁ፤
ርዝመቱን በእርምጃ፣ ጥልቀቱን ከግድግዳው ጽሑፍ፣
«አሥር ሺህ» አልኳት፣ «ከዚያም በላይ እላለሁ።»
የሳቀች መስሎኝ ነበር። ዞር ስትል ዓይኗን አየሁ።
አሥር ሺህ!
እኛ በሳምንት ስምንት ካገኘን እልል ነው፣
እሱም ቦቴው ከመጣ፣ ጋሽ ደበላ ወረፋውን ካልሸጠው።

የሽልማት ዕረፍት ነበር፤ በመድን ሽያጭ አንደኛ ወጥታ
አራት ሌሊት ለሁለት ሰው፣ በጭብጨባ፣ በፖስታ።
የመጀመሪያውን ሌሊት በሙቀቱ አልተኛንም፤ ሁለተኛውን ለመድን፤
ሦስተኛው ላይ ስንት ዓመት ያደርነውን ኩርፊያ አውርተን ጨረስን፤
አራተኛውን
እሱን ለራሳችን አስቀረን።

ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ መሸ። ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ገባ፤
በነጠላ ጫማ እግሬ ላይ ሲያርፍ፣ እንጃ ለምን፣ ሆዴ ባባ።
ባጃጁ ጭቃውን እያንቦጫረቀ ኮዬ ፈጬ አደረሰን፤
ሕንፃው ያው ነው። ያልተለሰነ ጎኑ፣ ተሰጥቶ ያደረ ልብሱ፣
ደረጃው ሥር ቢጫ ጀሪካኖች፣ አንገት ለአንገት ታስረው።

አራተኛ ፎቅ።
የበራችን ቁልፍ ተሰብሮ፣ በሽቦ ተጠፍሯል።
«ሌባ!» አልኩ፤ ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ።
እማማ ዘርፌ በካልሲ ወጡ፣ መወልወያ እንደ ጦር ይዘው፦
«ሌባስ በሆነ! ውሃ ነው የገባባችሁ፣ ውሃ!
ትናንት ሌሊት ያለወትሮው መጣ፣ እስኪነጋ ፈሰሰ፤
ቧንቧውን ከፍታችሁ ሄዳችሁ ኖሮ፣ የታችኞቹ ጣሪያ ራሰ።
በሩን የሰበርነው እኛ ነን፣ ልጆቼ፣ አትቀየሙን፤
ፍራሹን በረንዳ አውጥተናል፤ ምንጣፉን ግን አትጠይቁን።»

ሳይዘጋ የሄደው ማን ነው?
እሷ እኔን አየች፣ እኔ እሷን።
ሦስት ሳምንት የደረቀ ቧንቧ፣ መከፈቱን ማን ያስታውሳል?
ትናንት ሌሊት። ለራሳችን ባስቀረነው ሌሊት።

መብራቱን አበራሁ። ወለሉ በጎደጎደበት ሁሉ
የተረፈ ውሃ ያብለጨልጫል፤
የሠርጓ ጫማ፣ አንድ እግሩ፣ አልጋው ሥር ተንሳፎ ቀርቷል፣
ባለቤቱ የተዋት ጀልባ መስሎ።
እቴነሽ ካልሲዋን አወለቀች። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።
ሁለት እግሯን ቀስ አርጋ ነከረችና
«ስንት ጀሪካን ይሆናል?» አለችኝ።

አሁን ግን ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣
እማማ ዘርፌ በር ላይ ቆመው እስኪያማትቡ።
እኔም አላሰላሁም።
ለእሳቸው ደህና ደህናውን ማንጎ መረጥኩ፣ የፈነዳውን ለእኛ ላጥኩ፤
አምባሩን ልቆርጥላት መቀስ ባነሳ እጇን ሸሸገች፦
«ተወው፤ ነገ ለቦቴው ስሰለፍ ለጋሽ ደበላ አሳየዋለሁ፤
ይኼ ካለ ሁሉ በነፃ ነው እለዋለሁ።»

ኩሽና ውስጥ ቧንቧው አንዴ አጉረመረመ።
ሁለታችንም ዞርን።
አየር ነበር።