ጠብታ

ደላላው ዮሪት መጣ፣ የግሮኒንገንን ዝናብ ከትከሻው እያራገፈ፣
ሜትሩን ከጥግ እስከ ጥግ ወለሌ ላይ እያነጠፈ።
"ቤቱስ ደኅና ነው" አለኝ፣ "ከመስኮቱ ስር ቦይ አለ፤
ወፍ ካለበት ቤት ግን ገዢ፣ ዋጋ ሳይሰብር መች ዋለ?
የተቆረጠመውን መቃን ነጭ ቀለም ያስነኩት፣
የረገፈውን ላባ፣ የሱፉን ቅርፊት ይጥረጉት፣
የሽቦውንም ቤት ከነነፍሱ ለጎረቤት ይላኩት።"

ጎረቤቴ ፌምከ ድመት አላት፤
ድመቷ ደግሞ ጊዜ አላት።

ፎቶ አንሺው ልጅ መጥቶ ኮቢን ከሥዕሉ ነቀለ፣
በቦታው የሌለኝን አበባ ከነማስቀመጫው ተከለ።
"የማን ቤት ነው ይሄ?" ብል፣
ዮሪት ሳያቅማማ "የገዢው" አለ።

ሁለቱ ካናሪዎች፣ ታይስ እና ኒንከ፣ የዋሆች ናቸው፣
መሸ ብለው ይተኛሉ ጨርቅ ጣል ሳደርግባቸው።
ኮቢን ግን ማን ያሞኘዋል? በቀቀን ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣
ከጨርቁ ስር ይሟገታል፣ ገና ነው ብሎ ሌሊቱ።
ቃል ልናስተምረው ነበር፤ "ሰላም በል" ስንለው ናቀ፤
ቤቱን ግን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ ዘለቀ፦
የሦስተኛውን ደረጃ ሲጥታ፣
ልጄ ማሬይከ ባሥራ ሰባቷ በሩን የዘጋችበትን ማታ፣
ጓ!
(ዛሬ ሮተርዳም ናት፣ ሽበት አላት፣ እሷስ ረስታ)
ከሁሉም ከሁሉም ግን ጠብታ።

ጣሪያችን አንድ ክረምት አሥር ሌሊት አፈሰሰ፤
ሳፋ ደቅነን አደርን፤ ጠጋኝ መጣ፣ አዲስ ሸክላ ለበሰ።
ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ ኮቢ ጋ ያ ዝናብ መች ታገሰ?

ከዝዎለ ባልና ሚስት መጡ፣ እርጉዝ ናት፣ እጇ ወገቧ ላይ።
ጠብ... ጠብ... ባልየው አንገቱን ቀልሶ ጣሪያ ሲያይ
ዮሪት ደረሰኝ መዘዘ፣ የጠጋኙ ፊርማ ያለው።
ኮቢ ጠብ ይላል፤ ደረሰኝ ምን አፍ አለው?

በሳምንቱ ደወልኩለት። "ገዢ ተገኘ ወይ?" ብለው፣
"ወፍ የለም" አለኝ ደላላው።
ወፍማ አለ፤ እሱ አይደል ችግሩ ያለው!

በኅዳር ባቡር ነጂ መጣ፣ ከሌሊት ፈረቃው ወጥቶ፣
ጠብታውን ሰማና ቆመ፣ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣
ጠበቀ። ጠበቀ። አየው። መዳፉን ደረቅ አግኝቶ
ፈረመ።

ከዚህ ወዲያ ቤት ባይመታልኝ አትታዘቡኝ፤
ቤቴን ሸጬአለሁ።

በውሉ ላይ ምድጃው፣ መብራቶቹ፣ የጓሮው የእንጨት ክፍል
አንድ በአንድ ተጽፈዋል። ድምፅ የሚል መስመር የለም።

አዲሱ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር አለው፣ ለጉልበቴ ተብሎ።
መቃኑ ብረት ስለሆነ የሚቆረጠም ነገር የለም።
ካናሪዎቹ በሦስተኛው ቀን ለመዱት።
ኮቢ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም አለ።
ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤
አገሩ ሲሸጥበትስ?

በስምንተኛው ሌሊት፣
ደረጃ በሌለበት፣ ደረጃው ሲጥ አለ።
ከዚያ በሩ፣ ጓ! ማሬይከ ተቆጥታ።
ከዚያ ለአንድ ተማሪ የሰጠሁት ብስክሌቴ ደወል፣ ሁለት ጊዜ።
ከዚያ ጠብ።

ከጎን ያለው ሰውዬ በፒጃማው መጥቶ አንኳኳ፦
"ወይዘሮ፣ ቧንቧ ያፈስብዎታል እንዴ?"
"አይ" አልኩት። "የዱሮ ነው።"
ያልኩት ሳይገባው ደኅና እደሩ ብሎኝ ሄደ።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ጨርቁን አልጣልኩበትም።
እንቅልፍ ይዞኝ ሳለ እግሬ በገዛ ራሱ ተነሥቶ፣
በጨለማው ግድግዳ ሳይነካ ሄዶ
ሳፋውን ከድምፁ ስር ደቀነ።

ጠዋት ሳየው ደረቅ ነው፤
አንድ የሱፍ ቅርፊት ብቻ።