የውሃ አባት ተራ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሮቢት ወንዝ ዳር
ጥላ በእግሬ እየለካሁ ውሃ ስሰፍር፣
ለሽንኩርቱ ጠዋት፣ ለማሾው ከሰዓት፣
ቦዩን በአንድ አካፋ ስዘጋ ስከፍት፣
ተራ የሰረቀ ጎረምሳ ስቀጣ፣
መች ጠረጠርኩና ተራዬ እንደሚመጣ።

ጣርማ በርን አልፌ ወጣሁ ወደ ደጋ፤
ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከሆስፒታል አልጋ፣
ፕሮስቴቴን ቆርጠው፣ አምስት ቀን በቱቦ
ከረጢት ሲሞላ አየሁት ተንጠባጥቦ፤
ፊት እንደ ቀይ ሥር፣ ኋላ እንደ ብርዝ፣
የኔ ነው ለማለት የማያስደፍር ወንዝ።

በስድስተኛው ቀን ሲስተር ትርንጎ መጣች፤
ቱቦውን ሳበችው። ነፍሴም አብራው ወጣች።
“ይጠጡ፣ አባባ። ሲመጣም ይንገሩኝ፣
እለካዋለሁ” አለች፣ መስመር ያለው ላስቲክ ሰጥታኝ።
እኔን፣ ሰፋሪውን፣ የልጄ እኩያ ልትሰፍረኝ!

ጠጣሁ።
ሁለት ሃይላንድ ጠጣሁ።
ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።
ቧንቧ ከፈትኩ፣ ድምፁ ይጠራዋል ሲሉኝ፤
ቧንቧው ሲወርድ አመሸ፤ የኔው አልወረደልኝ።

አጠገቤ የተኛው የመንዝ ሰው፣ ደጀንነህ፣ ከባናው ሥር፦
“የውሃ አባት! ቦይህን ደለል ያዘው?”
ሳቀ። ሲስቅ አመለጠው።
የሱ ሕመም ሌላ ነው፤
ሲስቅ፣ ሲያስነጥስ፣ ከአልጋው ሲነሳ።
ለሱ አልቆም ያለው ለኔ አልመጣ ብሎ፣
ምነው ዳኛ በኖረ፣ አካፋ አንጠልጥሎ፣
ከዚያኛው ቀንሶ ለዚህ የሚያካፍል!

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አስካለ ታወሰችኝ።
ባሏ በሞተ ዓመት፣ በጥር፣
ተራዋን ለአክስቴ ልጅ ያሳለፍኩባት ሌሊት።
አካፋዋን ተደግፋ፣ ደረቅ ቦይ አፍ ላይ እንደቆመች
ነጋባት።
ምንም አላለችኝ።
ማሾዋ ነው የተናገረው፣ በሳምንቱ፣ ቢጫ ሆኖ።

ቅጣት ነው አልልም። ሐኪሙ እንዳለው እብጠት ነው፤
ሲሟሽሽ ይከፈታል።
ቆሞ መጠበቅን ግን
አሁን ገና አወቅሁት፣ በጉልበቴ፣ በወገቤ።

ጎህ ሲቀድ፣
ጠብ።
ጠብ። እንደ በርበሬ እያቃጠለ፤
ቆመ። ደግሞ መጣ፣ ክር አከለ።
ትርንጎ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣
“ስድሳ ሚሊ!” ብላ ካርዴ ላይ ጻፈችው።

ስድሳ ሚሊ፤ አንድ የሽንኩርት ሥር አያረጥብም።
ላስቲኩን ግን በሁለት እጄ ያዝኩት።
ደጀንነህ ከባናው ሥር፦ “እሰይ፣ ቦዩ ተጠረገ!”
ብሎ ሳቀ፤
ወዲያው ደግሞ፣ “ሲስተር፣ አንሶላ!”