አሥራ ዘጠኝ ሌሊት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤ ቱሉ ዲምቱ ጭር ብሏል፤
ጋሽ ዋቅጅራ፣ ጥበቃው፣ ባትሪ ይዞ በር ከፍቷል።
«ብቻሽን ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ሁለታችንም ሰምተናል፣
በቀደም ከድልድዩ ሥር አንድ ሰው እስኪነጋ ጮኋል።

ፓስፖርቱ ሆዴ ላይ ነው፣ በመቀነት አጥብቄው፤
የሠርጉን ፎቶ በፌስታል፣ ከጎመን ሥር ደብቄው፣
ገበያተኛ መስዬ ከአስፋልቱ ዳር ቆሜያለሁ።
ምክሩ የጋሽ ዋቅጅራ ነው፤
«ሌባ ጎመን አይነጥቅም» ይላል። ምን ላድርግ፣ አምኛለሁ።

የታክሲውን ታርጋ ለደምሰው ላክሁ፤ እሱ ዘንድ ገና ማታ ነው፤
«ስትገቢ ደውይልኝ» አለ፤ ስልክ እንደማይገባ ረስቶ ነው።

መንገዱን ሁሉ ቀን ስቆጥር፣ ስም ስደጋግም፣
የአማቴን ልደት፣ የቀለበቱን ዋጋ፤ አንዱንም አልጠየቁኝም።

ከመስታወቱ ማዶ ሴትየዋ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፦
«ባልሽ ሲተኛ በየት በኩል ነው?»

በበሩ በኩል፣ አልኳት። «ሌባ ቢመጣ ቅድሚያ እኔን ያግኝ» ይል ነበር።
አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ነው አብረን የኖርነው፤ ሁሉንም ያደረው ፊቱን ለበር።

ዛሬ ማን ይተኛበታል? አላለችኝም፤ ቅጹ ላይ የለማ!
እኔው ነኝ። ዘነዘናውን እጨብጣለሁ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ።

«ይጠብቁ፣ እናሳውቃለን።»
ማታ ሰፈሬ ስደርስ ጎመኑ ጠውልጓል።
ጋሽ ዋቅጅራ ስለ ቪዛው አልጠየቀኝም፤
ቅጠሉን በባትሪው አገላብጦ አየና፣ «ለወጥ ይሆናል» ብሏል።