አልነሣ ያለው ቁልፍ

ሐምሌ ነው። ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጥግ
ሰዓት እጠግናለሁ፣ ሰው ከዝናብ ሲሸሸግ።
ሃምሳ አለቃ አጎናፍር በሚኒባስ መጡ፣
ከአዘዞ ታቅፈውት፤ ወንበር ብሰጣቸው ሳይቀመጡ
በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ዘረጉልኝ፤
«አንተ ልጅ፣ በሽተኛ አምጥቻለሁ፣ እየው እስቲ» አሉኝ።

ሳክስፎን ነው።
ናሱ የደበዘዘ፣ አንገቱ የተበየደ፣
ከክፍለ ጦሩ ባንድ አብሯቸው በጡረታ የወረደ።

«የቱ ጋ ነው ሕመሙ?»
                    «ግራ እጅ፣ ትንሿ ጣት።
ሶል ዲዬዝ ብዬ ስጫን አትነሣም። ሞታለች። ይኸው፣ እያት።
አንቺሆዬ ጀምሬ መሀሉ ላይ ስደርስ
ዜማው እንደ ሰከረ ሚዜ የሰው ቤት ገብቶ ያርፋል፤
ለጥቅምት ሠርግ ቀብድ በልቻለሁ፤ ከየት አምጥቼ ልመልስ?
ብርድ ነው፣ የዳባት ብርድ! ባለፈው ለሠርግ ሄጄ
ናሱን ሲቆነጥጠው አይቻለሁ፣ ይኸው በዚህ በእጄ።»

ባለቤታቸው፣ እማማ አትጠገብ፣ ከኋላ ቆመዋል፤
የታጠፈው ጃንጥላቸው ወለሌ ላይ ያንጠባጥባል።
አንድ ቃል አልወጣቸውም።

እኔ ሰዓት ነው የማውቀው፤ ሳክስፎን ቀድጄ አላውቅም፤
ግን ሞላ ያው ሞላ ነው፤ ብሎንም ብሎን፤ አያስደነግጥም።
ማጉያዬን ዐይኔ ላይ ሰክቼ ሞላውን በመርፌ ነካሁ፤
ቦታው ላይ ነው፤ ሲገፉት ይገፋል። ቀጠልሁ።
ብሎኑን ሩብ ዙር አላላሁ፣
የሰዓት ዘይት አንዲት ጠብታ ከመርፌው ጫፍ አወረድሁ።
ዝገት የለም።
ማንሻው ሲጫኑት ይሄዳል፤
ክዳኑ ግን ጉድጓዱ ላይ አፉን ገጥሞ ይቀራል፣
እንደ ባላገር ምስክር፣ ዳኛ ፊት፣
ሁሉን አይቶ እንደማይተነፍስ፣ የዘመድ ነገር ሲሆንበት።

በጥፍሬ ቀስ አድርጌ ፈለቀቅሁት።
ጨቅ አለ።
         ያን ድምፅ ዐውቀዋለሁ፤
ጠረጴዛ ላይ ያደረ ብርሌ ሲያነሡ እሰማዋለሁ።
አሸተትሁ። ከቆዳው ትራስ ላይ ቡኒ፣ ቀጭን ቀለበት፤
ማር ነው። ጌሾ ነው። ከርሞ የደረቀ የሠርግ ቤት።

ቀና ስል ሃምሳ አለቃ በቅንድባቸው ለመኑኝ።
(ጠጅ እርም ብለዋል፣ በጉበታቸው ምክንያት፣
በሐኪም ፊት፣ በሚስት ፊት፣
የአዘዞ ደንበኞቼ ነገሩኝ።)

ከጎረቤት ሱቅ የሲጋራ ወረቀት ለመንሁ፤
መስታወት ከማጸዳበት አረቄ ጥቂት ነካ አደረግሁ፤
ከትራሱ ሥር አሾልኬ ክዳኑን በጣቴ ጫን፣
ሳላስጨንቅ፣ ቆዳው እንዳይላጥ፣ ሳብ... አሁን።
የመጀመሪያው ቢጫ ወጣ።
ሁለተኛው ፈዘዝ አለ።
ሦስተኛው እንደገባ ነጭ ሆኖ መጣ።
ጠጅ የቆለፈውን አረቄ ከፈተው፤
ሌባን በሌባ ማሲያዝ የቆየ ሥራ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ እማማ አትጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ።
የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ አላመነታሁም፤ «ዝገት» አልሁ፣ «የክረምት አባዜ።»

ሃምሳ አለቃ ነፉ።
አንቺሆዬ ሄዳ ሄዳ በዚያች ጠባብ ቦታ
ትከሻዋን አጥብባ አለፈች፤
ለአንዲት ትንፋሽ ጋብ አለ የቆርቆሮው ኳኳታ፣
ወይ ለእኔ መሰለኝ።

ሂሳቡን የከፈሉት እማማ ናቸው፣ ከመቀነታቸው ፈትተው።
ከዚያ ያን ቢጫ ወረቀት ከጠረጴዛዬ ላይ በሁለት ጣት አንሥተው
አሸተቱት።
ዐጠፉት። ከብሩ ጋር ቋጠሩት።
ጃንጥላውን በሩ ላይ ዘረጉ፣ ለሁለቱም፣ ለሳክስፎኑም፤
ዝናቡ አላባራም።

«ዝገት» አሉ። «ይሁን። በየወሩ ይጥረግልህ ልጁ።
አንተ ግን፣ አጎናፍር፣
ከመንፋትህ በፊት አፍህን ተጉመጥመጥ።»